ነጠላና ጥንድ፦ በአንድ ራኬት ሁለት እንጀራ

ኦገስት 20 ቀን 2025 ማታ፣ ኒውዮርክ በሚገኘው አርተር አሽ ስታዲየም ሁለት ጣሊያናውያን 1 ሚሊዮን ዶላር ተሸለሙ። ሳራ ኤራኒና አንድሬያ ቫቫሶሪ ናቸው። በዩኤስ ኦፕን የድብልቅ ጥንድ (አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው የሚጫወቱበት) ፍጻሜ ኢጋ ሽቪዮንቴክንና ካስፐር ሩድን 6 ለ 3፣ 5 ለ 7፣ 10 ለ 6 አሸነፉ። (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽቪዮንቴክ በነጠላ ስድስት የግራንድ ስላም (የአራቱ ትልልቅ ውድድሮች፦ የአውስትራሊያ ኦፕን፣ የፈረንሳይ ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን) ዋንጫ ያላት ተጫዋች ናት። ሩድም በነጠላ ሦስት ጊዜ ለግራንድ ስላም ፍጻሜ ደርሷል። ቫቫሶሪን ግን ቴኒስ አልፎ አልፎ የሚያይ ሰው በስም እንኳ ላያውቀው ይችላል።

ለእኔ የዚያን ዓመት ትልቁ የቴኒስ ዜና ይኼ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ውድድሩ እንዴት እንደተዘጋጀ ማየት ያስፈልጋል።

አዘጋጆቹ የድብልቅ ጥንዱን ጨዋታ ከሥሩ ቀይረውት ነበር። ድሮ 32 ጥንዶች ይሳተፉ ነበር፤ ወደ 16 አወረዱት። ዋናው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት፣ በሁለት ቀን ብቻ ተጀምሮ እንዲያልቅ አደረጉ። ስምንቱ ጥንዶች የተመረጡት የሁለቱ ተጫዋቾች የነጠላ ደረጃ ተደምሮ ነው። የቀሩትን ስምንቱን አዘጋጁ ራሱ ጋበዘ። ከፍጻሜው በስተቀር አንድ ዙር (በእንግሊዝኛ «set» የሚባለው የግጥሚያ ክፍል) በስድስት ጌም ፋንታ በአራት እንዲያልቅ ተደረገ። የአሸናፊዎቹ ሽልማት ደግሞ ከ200 ሺህ ዶላር ወደ 1 ሚሊዮን ዘለለ።

ልብ በሉ። ውድድሩ የጥንድ ነው፤ መግቢያው ግን የነጠላ ደረጃ። ኤራኒና ቫቫሶሪ የ2024 ሻምፒዮኖች ነበሩ። ዋንጫቸውን ለመከላከል እንኳ የገቡት በግብዣ ነው። ከነጠላ ኮከቦቹ ኖቫክ ጆኮቪች ነበር፣ ካርሎስ አልካራዝ ከኤማ ራዱካኑ ጋር ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በጥንድ ጨዋታ የሚተዳደሩት ተጫዋቾች ግን አብዛኞቹ ከውጭ ቀሩ። ለውጡ ይፋ እንደሆነ ሁለቱ ጣሊያናውያን በጽሑፍ ተቃውመው ነበር፤ ከባድ ኢፍትሐዊነት ነው አሉት። ካሸነፉ በኋላ ደግሞ ድሉ መጫወት ላልቻሉት የጥንድ ተጫዋቾች ጭምር መሆኑን ተናገሩ።

እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን ነገሩ በአንድ ውድድር አልተጀመረም። በነጠላና በጥንድ መካከል ያለው ርቀት በአርባ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሰፋ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሲሆን ከሁለቱ የትኛውን እንደሚይዝ መወሰኑ አይቀርም። ውሳኔው ደግሞ ከችሎታ ይልቅ በገንዘብ ስሌት ይመራል።

ስሌቱን እንየው። በ2025 ዊምብልደን የነጠላ ሻምፒዮን 3 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደ። የጥንድ ሻምፒዮኖች 680 ሺህ ፓውንድ አገኙ፤ ለሁለት ሲካፈል 340 ሺህ። ይኼ ከላይ ያለው ነው። እውነተኛው ችግር ያለው ከታች ነው። በነጠላ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ተሸንፎ የወጣ ተጫዋች 66 ሺህ ፓውንድ ይዞ ሄደ። በጥንድ የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን የተሸነፉ ሁለት ሰዎች 16,500 ነው ያገኙት፤ ለእያንዳንዳቸው 8,250። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው።

ወጪው ግን ስምንት እጥፍ አይቀንስም። የአውሮፕላን ትኬት ለሁሉም ያው ነው። ሆቴሉ ያው ነው። አሰልጣኝ ይከፈለዋል፣ ፊዚዮቴራፒስት ይከፈለዋል፣ ግብር አለ። የቴኒስ ተጫዋች እንደ እግር ኳስ ተጫዋች የወር ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ የለውም። ሳምንቱን ከተሸነፈ ከኪሱ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ለዚህ ነው ብዙ የጥንድ ተጫዋቾች አንድ አሰልጣኝ ለሁለት የሚይዙት፣ አንዳንዶቹም ያለ አሰልጣኝ የሚዞሩት። ይኼ ሁሉ ዊምብልደን ላይ ነው እንግዲህ፤ በሀብታሙ ውድድር። ከሱ በታች ባሉት ትናንሽ ውድድሮች ላይ ለጥንድ የሚመደበው ብር የጉዞውን ወጪ እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ አለ።

ሌላም ማነጻጸሪያ አለ። ቦብና ማይክ ብራያን የሚባሉት አሜሪካዊ መንትዮች በታሪክ ከታዩት የወንድ ጥንዶች ሁሉ ብዙ ያሸነፉ ናቸው። አብረው 16 ግራንድ ስላም ወስደዋል። 119 ዋንጫ አንሥተዋል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቀዋል። በ2020 ጡረታ ሲወጡ እያንዳንዳቸው በሙያ ዘመናቸው ያገኙት የሽልማት ገንዘብ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ጆኮቪች በ24 የነጠላ ግራንድ ስላም ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ብራያኖች በሙያቸው ከማንም የበለጡ ነበሩ። በገንዘቡ ግን በነጠላ አንድም ግራንድ ስላም ሳይበሉ ሁልጊዜ ከላይ ከነበሩ ተጫዋቾች በታች ናቸው።

እንዲህ ሁልጊዜ አልነበረም። ጆን ማኬንሮን ያስታወሰ ሰው ያውቀዋል። በ1981፣ በ1983 እና በ1984 ዊምብልደን ላይ ነጠላውንም ጥንዱንም ጠራርጎ ወስዷል። የጥንድ አጋሩ ፒተር ፍሌሚንግ ነበር። በዓለም ምርጡ የጥንድ ቡድን የቱ ነው ሲባል ፍሌሚንግ «ማኬንሮና ማንም ሰው» ብሎ መመለሱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ማኬንሮ ልምምድ ብዙም አይወድም ነበር፤ ጥንድ መጫወቱ ራሱ ልምምዱ ነበር። ሰርቩ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) እና መረብ ላይ የሚመታው ኳስ የሰሉት በጥንድ ነው። ከዚያ በነጠላ ያወጣዋል።

ማርቲና ናቭራቲሎቫ ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች። 18 የነጠላ፣ 31 የሴቶች ጥንድ፣ 10 የድብልቅ ጥንድ ግራንድ ስላም አላት። ከፓም ሽራይቨር ጋር ከ1983 እስከ 1985 ድረስ 109 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፈዋል። በ1987 ዩኤስ ኦፕን ነጠላውን፣ የሴቶች ጥንዱንና ድብልቁን በአንድ ውድድር ወሰደች። የመጨረሻ ዋንጫዋን በ2006 ያነሣችው ዕድሜዋ 50 ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። አጋሯ ቦብ ብራያን ነበር።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሁለት ነገር። አንደኛው የጨዋታው ዓይነት ተለወጠ። ራኬቱና ክሩ ተሻሻለ፤ ኳስ ከኋላ መስመር ሆኖ በኃይል አዙሮ መምታት ቀለለ። ወደ መረብ መሮጥ አደጋ ሆነ። ነጠላ ተጫዋቹ ከኋላ መስመር ሆኖ ረጅም ሰዓት መሮጥን ሥራው አደረገ። ሰውነቱም በዚያው ልክ ደከመ። በግራንድ ስላም ወንዶች እስከ አምስት ዙር ይጫወታሉ፤ አራት ሰዓት ተጫውቶ ማግስቱን ለጥንድ መቆም ከባድ ነው። ሁለተኛው ነገር የነጠላ ሽልማት እንደ ሮኬት ተተኮሰ። በነጠላ አንድ ግጥሚያ ማለፍ በጥንድ ብዙ ግጥሚያ ከማለፍ በላይ ሲከፍል፣ ኮከቡ ጉልበቱን የት እንደሚያስቀምጥ ግልጽ ነው። በሱ ቦታ ማንም ያንኑ ያደርጋል።

ኮከቦቹ ሲወጡ ቦታውን የያዙት ጥንድን ብቻ ሥራ ያደረጉ ተጫዋቾች ናቸው። ከዚህ ጀምሮ አዘጋጆችና የጥንድ ተጫዋቾች ተቃቅረው ነው የኖሩት። በ2005 የወንዶቹን ውድድር የሚመራው ኤቲፒ የጥንድን ጨዋታ የሚያሳጥርና ለመግቢያ የነጠላ ደረጃን የሚያስቀድም ዕቅድ አወጣ። የብራያን መንትዮች ያሉበት የ45 ተጫዋቾች ቡድን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ተጫዋቾቹ ሥራቸውን አዳኑ፤ ጨዋታው ግን አጠረ። ከ2006 ጀምሮ በኤቲፒ ውድድሮች ጥንድ ላይ 40 እኩል ሲሆኑ ቀጣዩ አንድ ነጥብ ጌሙን ይወስናል። በዙር አንድ ለአንድ ሲሆኑ ሦስተኛው ዙር ቀርቶ እስከ 10 ነጥብ የሚቆጠር መለያ (ታይብሬክ) ይጫወታሉ። ዊምብልደን እንኳ የወንዶች ጥንድን ከአምስት ዙር ወደ ሦስት ያወረደው በ2023 ነው።

በ2005 የተሞከረውና በ2025 የሆነው ነገር አንድ ሐሳብ ነው። ተመልካች የሚያውቀው የነጠላ ተጫዋቾችን ስም ነው፤ ስለዚህ ጥንዱንም ለነሱ እንስጥ የሚል። ሐሳቡ የራሱ እውነት አለው። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ግን አንድ የተለመደ አባባል ልቃወም። «ጥንድ የሚጫወተው በነጠላ ያልተሳካለት ነው» ይባላል። ጥንድ ሌላ ሙያ ነው። የነጠላ ሜዳ ወርዱ 8.23 ሜትር ነው። ለጥንድ በየጎኑ 1.37 ሜትር ይጨመርና 10.97 ይሆናል። ርዝመቱ ያው 23.77 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚሸፍነው ወርድ አምስት ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ባዶ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በነጠላ ተጋጣሚን ከጎን ወደ ጎን አሩጦ ማድከም ያዋጣል። በጥንድ ግን ኳሱን የምታስገባበት ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ የሚቆየውም ለአፍታ ብቻ ነው።

ሰርቭ ከመመታቱ በፊት መረቡ ሥር የቆመውን ሰው እዩት። እጁን ከጀርባው አድርጎ በጣቶቹ ምልክት ይሰጣል። ኳሱ ወዴት እንዲመታ፣ እሱስ ከቆመበት ይሻገር እንደሆነ ወይስ ይቆይ እንደሆነ በምልክት ይነግረዋል። ሰርቩ ወደ መሀል መስመር ሲመታ ተቀባዩ ጥግ ጥጉን ይዞ ለመመለስ ይቸገራል። ኳሱም ወደ መሀል ይመለሳል። እዚያ ደግሞ ሰውዬው ደርሷል። አንዳንዴ አጋሩ መረቡ መሀል ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ሰርቩ ከተመታ በኋላ ወደ ግራ ይዞር ወደ ቀኝ ተቀባዩ አያውቅም። ገምቶ መመለስ አለበት። ለመገመት ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።

የተቀባዩ ሥራ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በነጠላ ከፍ ብሎ ርቆ የሚወርድ የመልስ ምት ጥሩ ምት ነው። በጥንድ ያው ኳስ መረብ ላይ ለቆመው ሰው ስጦታ ነው። ስለዚህ ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ወደፊት እየመጣ ባለው ሰው እግር ሥር መውደቅ አለበት። ይኼን ደጋግሞ የሚችል ሰው በነጠላ 200ኛ ሊሆን ይችላል፤ በጥንድ ግን በዓለም ከምርጦቹ አንዱ ነው። በዚህ ላይ የአጋር ምርጫ አለ። ቦብ ብራያን ግራ እጅ ነው፤ ማይክ ቀኝ። ተጋጣሚው በየጌሙ የተለየ አዙሪት ያለው ሰርቭ ይመጣበታል። ፀሐይ የሚወጋበት አቅጣጫ እንኳ ለሁለቱ ይለያያል፤ ማን ከየትኛው ወገን ሰርቭ እንደሚጀምር ይመካከሩበታል።

የኤራኒና የቫቫሶሪ ድል የመጣው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ኤሌና ሪባኪናንና ቴይለር ፍሪትዝን 4 ለ 2፣ 4 ለ 2 አሸነፉ። ሪባኪናም ፍሪትዝም በሰርቫቸው ኃይል የታወቁ ናቸው። የኤራኒ ሰርቭ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ይኼን ማንም የቴኒስ ተመልካች ያውቃል። ግን ኤራኒ የት መቆም እንዳለባት፣ ሎብ (ከተጋጣሚ ራስ በላይ የሚያልፍ ኳስ) መቼ እንደሚላክ፣ አጋሯ ሲሻገር ባዶ የሚሆነውን ቦታ እንዴት እንደምትሞላ ታውቃለች። በነጠላ የ2012 የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ተጫውታለች፤ ከምርጥ አምስት ውስጥም ነበረች። በጥንድ ከሮቤርታ ቪንቺ ጋር አራቱንም ግራንድ ስላሞች አሸንፋለች። በ2024 ደግሞ ከጃስሚን ፓኦሊኒ ጋር የፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ከነጠላው ተሰናብታ ዛሬም በከፍተኛ ደረጃ የምትጫወተው ጥንድ ስላለ ነው።

ጥንድ ዕድሜ ያረዝማል። የዚህ ምስክር ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና ነው። በነጠላ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 213ኛ ነው። በዚያ ደረጃ ማንም አይኖርም፤ ገቢው አይበቃም። ጉልበቶቹም ተጎድተው ነበር፤ አጥንት ከአጥንት የሚለየው ልስልስ ክፍል አልቆበት ዮጋ እየሠራ ነው የተጫወተው። በ2010 ከፓኪስታናዊው አይሳም ቁረሺ ጋር ለዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰ። በብራያን መንትዮች ተሸነፉ፤ ግን በተመድ የሕንድና የፓኪስታን አምባሳደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨዋታውን ተመለከቱ። በጃንዋሪ 2024፣ በ43 ዓመቱ፣ ከአውስትራሊያዊው ማቲው ኤብደን ጋር የአውስትራሊያ ኦፕንን በላ። የመጀመሪያ የወንዶች ጥንድ ግራንድ ስላሙ ነበር። በዚያው ሳምንት በጥንድ የዓለም 1ኛ ሆነ፤ በዕድሜ ትልቁ። በፍጻሜው ያሸነፈው ሲሞኔ ቦሌሊንና ያንን ቫቫሶሪን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በ2025ቱ የኒውዮርክ ድብልቅ ጥንድ መስፈርት ቢለካ በደረጃው አይገባም።

ለአፍሪካም ጥንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። ዚምባብዌያዊቷ ካራ ብላክ አምስት የሴቶች ጥንድና አምስት የድብልቅ ጥንድ ግራንድ ስላም አላት። ሁለቱን ድብልቅ የወሰደችው ከወንድሟ ከዌይን ጋር ነው፤ በ2002 በፈረንሳይና በ2004 በዊምብልደን። በነጠላ ግን ከ31ኛ አላለፈችም። ታላቅ ወንድማቸው ባይሮንም በጥንድ የዓለም 1ኛ ነበር። ለሦስቱም ትልቁ መድረክ የተከፈተው በጥንድ ነው።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደችም አለች። ቼካዊቷ ባርቦራ ክሬይቺኮቫ። የታዳጊዎች ውድድር ስታበቃ ወደፊት ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። በምትኖርበት በብርኖ ከተማ አካባቢ ያና ኖቮትና ትኖር ነበር፤ የ1998 የዊምብልደን ሻምፒዮን። ክሬይቺኮቫ ደብዳቤ ይዛ በሯን አንኳኳች። ኖቮትና አስተማረቻት። ኖቮትና ራሷ በጥንድ 12 ግራንድ ስላም፣ በነጠላ አንድ ያላት ነበረች። ጥንድን ታውቃለች፣ በነጠላ የመጨረሻውን በር ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድም ታውቃለች። በ2017 በካንሰር አረፈች።

በ2018 ክሬይቺኮቫ ከካተሪና ሲኒያኮቫ ጋር የፈረንሳይ ኦፕንንና ዊምብልደንን በተከታታይ ወሰደች። በጥንድ የዓለም 1ኛ ሆነች። በነጠላ ግን እስከ ኦክቶበር 2020 ድረስ ከመቶ ውጭ ነበረች። ሁሉም ሰው የጥንድ ተጫዋች ናት ብሎ ዘግቶ ነበር። ከዚያ 2021 መጣ። በፈረንሳይ ኦፕን ያለ ልዩ ምደባ፣ ማለትም ውድድሩ በደረጃ ለይቶ ከሚያስቀምጣቸው ተጫዋቾች ውጭ ሆና ገባች። በግማሽ ፍጻሜ ከማሪያ ሳካሪ ጋር ስትጫወት አንድ ነጥብ ብቻ ከመሸነፍ ለያት፤ ተርፋ ሦስተኛውን ዙር 9 ለ 7 አሸነፈች። ቅዳሜ ነጠላውን በላች። እሑድ ከሲኒያኮቫ ጋር ጥንዱን። እዚያ ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደች ሴት ከ2000 ወዲህ አልነበረችም፤ የመጨረሻዋ ሜሪ ፒርስ ነበረች። በ2024 ደግሞ 31ኛ ሆና የተመደበችበትን ዊምብልደን በነጠላ አሸነፈች። በፍጻሜው የረታቻት ፓኦሊኒን ነው፤ የኤራኒን የጥንድ አጋር። ክሬይቺኮቫ ዊምብልደንን በጥንድ ሁለት ጊዜ ወስዳዋለች። ያኔ አንዱ የነጠላ ድል ብቻውን 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኘላት። በዚያው ዓመት የጥንድ ሻምፒዮኖች ለሁለት የወሰዱት 650 ሺህ ነበር።

ከክሬይቺኮቫ የምወስደው ነገር አለ። ለጥንድ የሚሆን ቦታ ባይኖር ኖሮ፣ ከመቶ ውጭ በነበረችባቸው ዓመታት በሙያው ውስጥ የሚያቆያት ነገር አልነበረም። ጥንዱ አኖራት። ትላልቅ ስታዲየሞችን አስለመዳት። መረብ ላይ እጇ የሠላው፣ የፍጻሜ ቀንም የማትደነግጠው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርበንን ምሳሌ ላንሣ። ኤልያስና ሚካኤል ይመር ስዊድን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ኤልያስ በ2015 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ የአራቱንም ግራንድ ስላሞች ማጣሪያ አልፎ ዋናው ውድድር ገብቷል። ሚካኤል በ2023 በነጠላ 50ኛ ደረጃ ደርሷል፤ በዚያ ዓመት ዊምብልደን ላይ ሁለት ዙር ተመርቶ ቴይለር ፍሪትዝን አሸንፏል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን የ2016ቱን ስቶክሆልም ኦፕን ነው። በልዩ ግብዣ ገብተው የጥንዱን ዋንጫ አንድ ላይ አነሡ። በፍጻሜው የገጠሟቸው ማቴ ፓቪችና ማይክል ቬነስ የጥንድ ባለሙያዎች ነበሩ።

ወንድማማች ናቸው፣ አብረው አድገዋል፣ ዋንጫ በልተዋል። ያደጉባት ስዊድንም የስቴፋን ኤድበርግ አገር ናት፤ በነጠላም በጥንድም የዓለም 1ኛ የነበረው ኤድበርግ። ታዲያ ለምን እንደ ብራያኖች በጥንድ አልቀጠሉም? ስሌቱ ይመልሰዋል። የስቶክሆልም ድል ለእያንዳንዳቸው 250 ነጥብ ሰጣቸው፤ ነጥቡ ግን የተመዘገበው በጥንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው። በነጠላ ደረጃቸው ላይ አንዲት ነጥብ አልጨመረም። ኤልያስ በነጠላ ከፍተኛው ደረጃው 105ኛ ነው። መቶ አካባቢ መሆን ማለት የግራንድ ስላም ዋናውን ውድድር በቀጥታ መግባትና አለመግባት ማለት ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያ ቢሸነፍ እንኳ የዓመት ወጪውን ብዙውን የሚሸፍን ገንዘብ እዚያ አለ። ከዚያ መስመር ጥቂት ደረጃ የራቀ ሰው ጥንድን እንደ ሥራ ሊይዝ ቢያስብ፣ ከዜሮ ጀምሮ ሌላ ሰንጠረዥ መውጣት አለበት። ስምንት እጥፍ በሚያንስ ገንዘብ።

በሩ ደግሞ የሚከፈተው ለአንድ ወገን ነው። የነጠላ ተጫዋች በነጠላ ደረጃው ወደ ጥንድ ውድድር መግባት ይችላል። የጥንድ ተጫዋች በጥንድ ደረጃው ወደ ነጠላ መግባት አይችልም። የዓለም 1ኛ ጥንድ ተጫዋች ቢሆን እንኳ።

ወደ አዘጋጆቹ ክርክር ልመለስ፤ እመለስበታለሁ ብዬ ነበርና። የድብልቅ ጥንድ ጨዋታ ለዓመታት ባዶ ወንበር ፊት ሲካሄድ ኖሯል። በ2025 አርተር አሽ ስታዲየም ሞላ። ልጆች ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ጆኮቪችንና አልካራዝን ዋናው ውድድር ሳይጀመር አዩ። ይኼ ጥሩ ነው። ስፖርት ያለ ተመልካች አይኖርም፣ የጥንድ ተጫዋቹ ገቢም በመጨረሻ የሚመጣው ከዚያው ትኬትና ቴሌቪዥን ነው። ኮከቦቹ ጥንድ ይጫወቱ። በማኬንሮና በናቭራቲሎቫ ዘመን የነበረው እሱ ነው።

የማልቀበለው ባለሙያዎቹን ከገዛ ውድድራቸው ማስወጣትን ነው። ከ32 ጥንድ ወደ 16 ሲወርድ 32 የሥራ ቦታ ጠፋ። ከቀሩትም አብዛኞቹ ሌላ ቦታ በቂ ገቢ ላላቸው ሰዎች ተሰጡ። ትልቁ ገንዘብ የመጣውም በዚያው ዓመት ነው። ሽልማቱ 200 ሺህ እያለ የጥንድ ተጫዋቾች ነበሩ፤ 1 ሚሊዮን ሲሆን ቦታው ለሌላ ሆነ። ይኼን ማንም ሠራተኛ ይረዳዋል።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። ከ16ቱ ቦታ ግማሹ በጥንድ ደረጃ ይሰጥ፤ ግማሹ ለኮከቦች። ያኔ ተመልካቹ አልካራዝን ሊያይ መጥቶ የጥንድ ባለሙያዎችን ሥራም ያያል። እንዲያውም እንደ ውድድር የሚያጓጓው ይኼ ነው። የ2025ቱ ፍጻሜ ለምን ስታዲየሙን አስጮኸ? በአንድ በኩል የዓለም ኮከቦች፣ በሌላው በኩል ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ስለተጋጠሙ ነው። አራቱም የነጠላ ተጫዋቾች ቢሆኑ ያ ውጥረት አይኖርም ነበር።

ከሽልማቱም ክፍፍል መጀመር ያለበት ከታች ነው። የጥንድ ሻምፒዮን የነጠላ ሻምፒዮንን ያህል ይከፈለው የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ግን በመጀመሪያው ግጥሚያ የሚወድቀው የጥንድ ተጫዋች ከ8,250 ፓውንድ ወደ 15 ሺህ ቢያድግ ዊምብልደን አይጎዳም። በ2025 ለጠቅላላ ሽልማት የመደበው 53.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ጥንድ ውስጥ 64 ቡድን አለ፤ ለወንድና ለሴት ሲደመር በመጀመሪያው ግጥሚያ የሚወድቁት 128 ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው 6,750 ቢጨመር አንድ ሚሊዮን ፓውንድ አይሞላም።

ሌላው የካሜራ ጉዳይ ነው። የጥንድ ግጥሚያዎች ብዙ ጊዜ የሚመደቡት ጥግ ላይ ባሉ ሜዳዎች ነው፤ ያውም አንድ ካሜራ ከኋላ ተተክሎ። ከጀርባ የሚሰጠውን ምልክት፣ መረቡ ላይ የሚደረገውን መሻገር ከዚያ ማንም አያየውም። መረቡ ደረጃ ላይ አንድ ተጨማሪ ካሜራ ይደረግ። ሰዎቹ በነጥቦች መካከል የሚመካከሩትን ይሰማ ዘንድ ድምፅ መቅጃ ይቀመጥ። ተመልካቹ ቫቫሶሪን በስም የሚያውቀው ሥራውን በደንብ ሲያሳዩት ነው።